ሦስት ጠርሙስ ለማወዳደር፦ የሦስት ቀን የቀይ ወይን ጉዞ በስቴለንቦሽ

ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ከተማ ወደ ስቴለንቦሽ የሚደረግ የወይን ቅምሻ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በስስት ነው። ከተማዋን የከበቧት መጥመቂያዎች ብዙ በመሆናቸው፣ በሁለት ቀን አሥሩን ልዙር ያለ ሰው ከአራተኛው በኋላ ምላሱ ይደነዝዝና የቀረውን ሁሉ «ጥሩ ነው» እያለ ያልፈዋል። ይህ ጉዞ ግን የተነደፈው ለአንድ ጥያቄ ነው። ካበርኔ ሶቪኞን የተባለው የወይን ዝርያ የሚመራው ቅይጥ ቀይ ወይን በባሕሩ አቅራቢያ፣ ከባሕሩ ራቅ ብሎ በተራራ ግርጌ፣ ከዚያም ነፋስ በሚገርፈው ኮረብታ ላይ ሲበቅል ጣዕሙ በምን ይለያያል? ለዚህ ሦስት እርሻ ይበቃል፦ ሜርለስት፣ ካኖንኮፕና ፈርኸሊኸን። አራተኛ የሚጨመረው እዚሁ ለተወለደው የቀይ ወይን ዝርያ፣ ለፒኖታጅ ሲባል ነው።

ወቅቱ የካቲት ቢሆን ይመረጣል። ደቡብ አፍሪካ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ለቀማው የሚጀምረው በጥር ማብቂያ ገደማ ነው። ፒኖታጅ ቀድሞ ይደርሳል፤ ካበርኔ ሶቪኞን እስከ መጋቢት ይቆያል። በየካቲት የሄደ ሰው አንዱን ሲፈላ፣ ሌላውን ገና በሐረጉ ላይ ተንጠልጥሎ ያየዋል። ጉዳቱ ሙቀቱና የጎብኚው ብዛት ነው፤ የቅምሻ ጠረጴዛ ከሁለት ሳምንት በፊት መያዝ አለበት። እሑድ የሚዘጉ፣ ቅዳሜም በጊዜ የሚዘጉ እርሻዎች ስላሉ ሰዓታቸውን ሲይዙ ይጠይቁ። እዚህ ያሉት ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ጠዋት 4 ሰዓት ስንል እዚያ ቀጠሮው 10 ተብሎ ይጻፋል። ዓመታቱ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ እንደሚታተሙት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሹፌር። በደቡብ አፍሪካ ለተራ አሽከርካሪ የተፈቀደው በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ0.05 ግራም በታች አልኮል ነው፤ ለባለሙያ ሹፌር 0.02። ለቅምሻ የሚቀዳው 25 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አምስት ወይን በሦስት ቦታ ሲቀመስ 375 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ልክ ግማሽ ጠርሙስ ይሆናል። የአካባቢው ቀይ ወይን ብዙ ጊዜ 14 በመቶ አልኮል ስላለው ይህ 41 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ነው። የሚተፋ ሰው ሳይቀር በአፉ ቆዳ በኩል ጥቂት ይወስዳል። ስለዚህ ከቡድኑ አንዱ ፈጽሞ አይቅመስ፣ ወይም ሹፌር ያለው መኪና ይከራዩ። መንገዱ በግራ የሚነዳበት መሆኑም አይዘንጋ።

ዓርብ፦ ከአየር ማረፊያው በባሕሩ በኩል

ከኬፕታውን አየር ማረፊያ ኤን 2 የተባለውን አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ይዞ፣ ወደ አር 310 ሲታጠፉ መንገዱ በቀጥታ ወደ ስቴለንቦሽ ይወስዳል። ከተማው ከመግባትዎ በፊት በግራም በቀኝም የወይን ማሳ ይታያል፤ ሜርለስት ያለው እዚሁ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ዓርብ ከቀትር በኋላ ላረፈ ሰው ተጨማሪ ጉዞ አይጠይቅም።

እርሻው ከፎልስ ቤይ ባሕር 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ የሚነሣው ቀዝቃዛ ነፋስ ማሳውን ያበርዳል። ፍሬው ስኳሩ ሳይቸኩል ስለሚበስል አሲዱን አይጥልም። ወይኑ አፍ ውስጥ ከባድ ሆኖ ሳለ ምራቅ የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የማይበርሪ ቤተሰብ ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ይዞታል። የሚታወቅበት ቅይጥ ሩቢኮን ሲሆን የመጀመሪያው ምርት የ1980 ነው፤ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎና ካበርኔ ፍራንክ ይቀየጡበታል። ፍሬው ባልሰመረበት ዓመት ሩቢኮን አይወጣም፤ ወይኑ በተራ ስም «ሜርለስት ሬድ» ተብሎ ይሸጣል። ይህን ጠርሙስ ካገኙ ይግዙት። የሚሠራው ለሩቢኮን በሚለቀመው ፍሬ ስለሆነ ከዋጋው በላይ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ቀን እጅ የሚፍታታበት ነው። ብርጭቆውን በእግሩ ይያዙት፤ ሆዱን ከያዙት የእጅ ሙቀት ወይኑን ያሞቀዋል። ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርገው ዳሩን ይዩ፦ ወይን ጠጅ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ወጣት ነው፣ ወደ ጡብ ቀለም ካደላ ዓመታት አልፈውታል። ሳያወዛውዙ አንዴ ያሽትቱ፤ ቀላሎቹ ሽታዎች ያኔ ይወጣሉ። ከዚያ አወዛውዘው ደግመው ያሽትቱ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ይጎንጩ፣ ከንፈርዎን ጠበብ አድርገው ትንሽ አየር ይሳቡበት፣ ድድዎ ላይ ለ10 ሰከንድ ያንከባልሉትና ይትፉ። ጣዕሙ ከተፉ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ይቁጠሩ፤ የተሰማዎትንም ይጻፉ። ከ10 በታች ከሆነ አጭር ነው፤ ከ30 ካለፈ ጠማቂው ደክሞበታል፣ ፍሬውም ደህና ነበር ማለት ነው።

ጀማሪ የሚያምታታው ታኒንና መራራነት ነው። ታኒን ጣዕም አይደለም፣ ስሜት ነው። ያልበሰለ ሙዝ የነከሰ ሰው ምላሱና ድዱ የሚሰበሰቡበት ስሜት ያው ታኒን ነው። በወይን ውስጥ የሚመጣው ከፍሬው ልጣጭ፣ ከዘሩ፣ ከዘለላው እንጨትና ከበርሜሉ ነው። የበሰለ ልጣጭ ታኒን እንደ ከፋይ ይለሰልሳል። ያልበሰለ ዘር የሚሰጠው ግን ይቧጥጣል፤ ወይኑ ላይ የቃሪያ ሽታ አብሮ ካለ ፍሬው ሳይደርስ ተለቅሟል። በባሕሩ አጠገብ በቀዘቀዘ ዓመት ይህ ሊያጋጥም ይችላል።

ማታ ቀይ ሥጋ ይብሉ፣ ብዙ ውኃ ይጠጡ፣ ሌላ ወይን አይክፈቱ።

ቅዳሜ፦ ሲሞንስበርግ ግርጌ

በጠዋት ጥርስ የሚቦረሸው ቢያንስ ከቅምሻው አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው፤ የሳሙናው ናና የወይኑን ፍራፍሬ ይሰውረዋል። ሽቶና የከንፈር ቀለም አይቀቡ። ጥቁር ልብስ ይልበሱ። በመትፋት ላይ ያለ ሰው ነጭ ሸሚዝ ከቀትር አያልፍም።

ከስቴለንቦሽ አር 44ን ወደ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ በቀኝ በኩል የሲሞንስበርግ ተራራ ይቆማል፤ ካኖንኮፕ በግርጌው ነው። ስሙ «የመድፍ ኮረብታ» ማለት ነው። ድሮ መርከብ ወደ ኬፕታውን ወደብ፣ ወደ ቴብል ቤይ ሲገባ ገበሬዎቹ ምርታቸውን ይዘው እንዲወርዱ በመድፍ ምልክት ይሰጥ ነበር። 4 ሰዓት ላይ መድረስ ጥሩ ነው፤ ምላስ የሚነቃው በጠዋት ሲሆን ጠማቂዎቹም ገና አይጨናነቁም።

እዚህ ከመቅመስዎ በፊት የመፍያውን ክፍል ለማየት ይጠይቁ። ገንዳዎቹ ክፍትና ጥልቀት የሌላቸው፣ በሲሚንቶ የተሠሩ ናቸው። ፍላቱ ሲጀምር እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል፤ ጋዙም ልጣጩን ወደ ላይ ገፍቶ ወፍራም ክዳን ያደርገዋል። ቀለሙም ታኒኑም ያለው በዚያ ክዳን ውስጥ ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹ በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በእንጨት መግፊያ ወደ ጭማቂው ይደፍቁታል። ገንዳው ጥልቀት የሌለው መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ክዳኑ ይሰፋና ይሳሳል፣ ልጣጩ ጭማቂውን ብዙ ቦታ ይነካል፣ ሙቀቱም ይበተናል። ክዳኑ ሳይደፈቅ ከዋለ ላዩ ይደርቅና ኮምጣጤ ባክቴሪያ ይሰፍርበታል። በገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ለማሽተት አይሞክሩ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ከወለሉና ከገንዳው አፍ አይለቅም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።

የዚህን አካባቢ ወይን ለመረዳት የፒኖታጅን ታሪክ ማወቅ ግድ ነው። በ1925 የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ የወይን ተክል ፕሮፌሰር አብርሃም ፐሮልድ ፒኖ ኗር የተባለውን የወይን ዝርያ ሳንሶ ከተባለው ጋር አዳቀለ። ሳንሶ በዚያን ጊዜ በአካባቢው ሄርሚታዥ ይባል ስለነበር የሁለቱ ስም ተጣምሮ ፒኖታጅ ተወለደ። የተገኘው አራት ዘር ብቻ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲው መኖሪያ ቤቱ ግቢ ተከላቸው። ሥራ ለውጦ ግቢውን ሲለቅ ሣር ሊውጣቸው ሲል ቻርሊ ኒሃውስ የተባለ ወጣት መምህር አዳናቸው። ይህ ዝርያ ዛሬ ያለው በእነዚያ አራት ችግኞች ነው። ጠርሙስ ላይ በስሙ የወጣው መጀመሪያ የ1959 ምርት ሲሆን፣ በላንዘራክ ስም በ1961 ገበያ ላይ ዋለ።

ፒኖታጅ ይቅር የማይል ፍሬ ነው። ቶሎ ይበስላል፣ ስኳሩ ይንራል፣ ፍላቱ ሲፋጠን ሙቀቱ ካልተገዛ ሽታው ወደ ሙዝና ወደ ጥፍር ቀለም ያዘነብላል። የተቃጠለ ጎማ የሚሸትም ያጋጥማል። መጥፎ ፒኖታጅ አንዴ የቀመሰ ብዙ ሰው ዝርያውን እስከመጨረሻ ይሸሻል፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የእጅ እንጂ የፍሬው አይደለም። በካኖንኮፕ ብዙዎቹ የፒኖታጅ ሐረጎች ያረጁ፣ ያለ ሽቦ ድጋፍ እንደ ቁጥቋጦ ራሳቸውን ችለው የቆሙ ናቸው። ያረጀ ሐረግ ጥቂት ዘለላ ይሰጣል፤ ፍሬው ግን ትንሽ፣ ልጣጩም ወፍራም ስለሆነ ወይኑ ይጠነክራል። ፕሪም፣ የጠቆረ ቼሪና ጥቂት ቅርንፉድ ይፈልጉበት።

ቀጥሎ የጉዞው ሁለተኛ ምስክር፣ ፖል ሳወር የተባለው የካኖንኮፕ ወይን። እንደ ሩቢኮን ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎና ካበርኔ ፍራንክ የተቀየጠ ነው፤ የመጀመሪያ ምርቱ 1981። ማሳው የፈራረሰ ግራናይት ላይ ነው። ትናንት የጻፉትን አውጥተው አብረው ያንብቡ። እዚህ አካሉ ይሰፋል፣ ታኒኑ ይጠነክራል፣ የእርሳስ እንጨትና የጥቁር ፍሬ ሽታ ይደምቃል። የባሕሩ ወይን ግን በአሲዱ ይቀድመዋል። የሁለቱን ዓመት ካላመሳሰሉ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም፤ ዝናብና ሙቀት በዓመቱ የሚያመጡት ልዩነት የአፈሩን ልዩነት ሊውጥ ይችላል።

ከካኖንኮፕ ወጥተው አር 44ን ከአር 304 የሚያገናኘውን የክሮመ ሬ መንገድ ሲይዙ ሲሞንሲግ ይገኛል። የእርሻው የያኔ ባለቤት ፍራንስ ማላን በ1971 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የስቴለንቦሽን የወይን ጉዞ መንገድ ያቋቋመ ሰው ነው፤ በሀገሪቱ የመጀመሪያው ነው። እዚህ የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፦ በርሜል ያልነካው ፒኖታጅና «ሬድሂል» የተባለው፣ ኦክ ከሚባል ዛፍ እንጨት በተሠራ በርሜል የቆየው ፒኖታጅ ጎን ለጎን እንዲቀዱ ይጠይቁ። የበርሜል ሥራ ምን እንደሆነ በአንድ ደቂቃ የሚያስረዳ ሌላ መንገድ አላገኘንም። የመጀመሪያው እንጆሪና ቼሪ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ቫኒላ፣ ጭስና ቸኮሌት ይጨመራል። መደበኛው በርሜል 225 ሊትር ይይዛል፣ 300 ጠርሙስ ይሞላል። ጣዕም አብዝቶ የሚሰጠው አዲሱ ነው፤ ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ የሞላው አየር ከማስተንፈስ ያለፈ ሥራ የለውም።

በነገራችን ላይ በየሱቁ «ቡና ፒኖታጅ» የሚባል ያያሉ። ውስጡ ቡና የለም። ሽታው የሚመጣው በእሳት አብዝቶ ከተጠበሰ የኦክ እንጨት ነው። ለቡና አዋቂ አፍንጫ ያስደስታል፣ ለንጽጽር ግን አይሆንም፤ እንጨቱ ፍሬውን ስለሚሸፍነው ከእሱ በኋላ ለስላሳ ወይን አይቀመስም።

ከ8 ሰዓት በኋላ ቅምሻ ይቁም። የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሲያልፍ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ወይን ይሞቅና አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፤ ፍሬው ይጠፋል። ቀይ ወይን «በክፍሉ ሙቀት» ይጠጣል የሚለው አባባል ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ላለ ክፍል የወጣ ነው። በረንዳ ላይ ከተቀመጡ ጠርሙሱን በረዶና ውኃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ እንዲያስቀምጡልዎ ይጠይቁ። ማንም አይቀየምም።

እሑድ፦ ፈርኸሊኸን

አር 44ን አሁን ወደ ደቡብ፣ ወደ ሰመርሴት ዌስት። በመንገዱ ግራ የሄልደርበርግ ተራራ አብሮ ይሄዳል። ፈርኸሊኸንን በ1700 የመሠረተው የኬፕ ቅኝ ግዛት ገዥ ቪለም አድሪያን ፋን ደር ስቴል ነው፤ ስቴለንቦሽን በ1679 የመሠረተው የሲሞን ፋን ደር ስቴል ልጅ። እርሱ ያስተከላቸው የካምፎር ዛፎች አሁንም ቤቱ ፊት ቆመዋል፤ ለእነሱ ብቻ ሩብ ሰዓት ይስጡ።

መጥመቂያው ኮረብታ ውስጥ ተቆፍሮ የተሠራ ነው። ፍሬው ከላይ ይገባል፣ ጭማቂው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። በፓምፕ ሲገፋ ዘሩ ይሰበራል፣ የተሰበረ ዘር ደግሞ መራራ ዘይትና ጠንካራ ታኒን ይለቃል፤ ኮረብታው የተቆፈረው ለዚህ ነው። በበጋ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኬፕ ዶክተር የሚሉት ነፋስ እዚህ ይበረታል። ቀንበጥ ይሰብራል፣ አበባ ያረግፋል፣ ምርት ይቀንሳል። በተረፈው ላይ ግን ፍሬው ያንሳል፣ ልጣጩ ይወፍራል፣ ማሳውም ቶሎ ስለሚደርቅ ሻጋታ አይሰለጥንበትም። ሦስተኛውን ካበርኔ መሪ ቅይጥ የእርሻው ጂ ቪ ቢ ሬድ ይሰጥዎታል። ከፖል ሳወር ጠበብ ያለ፣ ቀጥ ያለ ሆኖ ይሰማል፤ ከሩቢኮን ጋር ደግሞ በአሲዱ ይቀራረባል።

በማሳው ሲያልፉ ቅጠሉን ይዩ። በለቀማ ማብቂያ ላይ የቀይ ወይን ቅጠል ደም መስሎ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነና ዳሩ ወደ ታች ከተጠቀለለ፣ ጎብኚ ፎቶ የሚያነሣበት ያ ውበት በሽታ ነው፤ የቅጠል ጥቅል ቫይረስ ይባላል። ነጭ ዱቄት የመሰሉ ትናንሽ ተባዮች ከሐረግ ወደ ሐረግ ያዛምቱታል። የታመመ ሐረግ ስኳር መሥራት ያቅተዋል፣ ፍሬው ሳይበስል ክረምት ይደርሳል፣ ወይኑም የቃሪያ ሽታ ይዞ ይቀራል። መድኃኒት የለውም፤ ነቅሎ ንጹሕ ችግኝ መትከል ብቻ ነው። ፈርኸሊኸን ይህን በትልቅ ማሳ ላይ በትዕግሥት ሠርቶ ያሳየ እርሻ ነው፤ ጠያቂ ካገኙ በደስታ ያስረዳሉ።

ግዢው ዛሬ ይሁን፤ ዓርብ የተገዛ ጠርሙስ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሁለት ቀን ከዋለ በሙቀት ይበላሻል። ወይኑ ሲሞቅ ይሰፋና ቡሹን ወደ ውጭ ይገፋል፤ በቡሹ ጎን ቀይ ጠብታ ካዩ አየር ገብቷል። የዓርቡንና የቅዳሜውን ምርጫ አዝዘው ወደ ማረፊያዎ እንዲልኩልዎ ማድረግ ይሻላል። አንገቱ ላይ የተለጠፈውን ማኅተምም ይመልከቱ፦ ቁጥር አለው፣ ወይኑም መመርመሩን ያረጋግጣል። በሕጉ መሠረት የአንድ ዝርያ ስም የተጻፈበት ወይን ቢያንስ 85 በመቶው ያ ዝርያ፣ ዓመቱም ቢያንስ 85 በመቶው የዚያ ዓመት መሆን አለበት። የቦታው ስም ግን መቶ በመቶ ነው። የተተከለበት ዓመት የተጻፈበት ሌላ ማኅተም ካለ ሐረጉ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው።

ሰኞ ጠዋት፦ ሻንጣው

ሙሉ ጠርሙስ ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። ስድስቱ ከነመጠቅለያው ወደ 9 ኪሎ ይጠጋል፤ የሻንጣውን ክብደት ከግዢው በፊት ያስሉ። እያንዳንዱን በፕላስቲክ ከረጢት አሥረው በልብስ ይጠቅልሉ፣ ጠርሙስ ከጠርሙስ እንዳይነካካ ከሻንጣው መሐል ያድርጉት። በእጅ ሻንጣ አያልፍም። የግብር ደረሰኝዎን ይያዙ፤ ከ250 ራንድ በላይ ለሆነ ዕቃ ጎብኚ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስመለስ ይችላል። ነገር ግን ሻንጣው ለአየር መንገዱ ከመሰጠቱ በፊት ጠርሙሶቹ ለጉምሩክ መታየት አለባቸው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ይህን ቅደም ተከተል አፍርሶ ነው።

ቤት ከደረሱ በኋላ ጠርሙሶቹ ብርሃን በማይገባበት፣ ሙቀቱ በማይዋዥቅ ቦታ ተጋድመው ሦስት ሳምንት ይረፉ። ከመክፈትዎ አንድ ቀን በፊት አቁሟቸው፣ አተላው ይዘቅጣል። ሦስቱ ከአንድ ዓመት ምርት ከሆኑ በወረቀት ጠቅልለው ቁጥር ይጻፉባቸው፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ቀስ ብለው ወደ ማንቆርቆሪያ ይገልብጡ፣ በተመሳሳይ ብርጭቆ ይቅዱና የትኛው የባሕሩ፣ የትኛው የግራናይቱ፣ የትኛው የነፋሱ እንደሆነ ወረቀቱ ሳይነሣ ይጻፉ። እርጥብ ካርቶን ወይም ያረጀ ምድር ቤት የሚሸት ካለ ቡሹ ያበላሸው ስለሆነ ከውድድሩ ይውጣ፤ አየር ማግኘት አያድነውም።